ቋጠሮው ለምን ተንሸራተተ? ለዛፍ ሥራ ገመድና መታጠቂያ ስለ መምረጥ

ከካዛንቺስ የጻፉልኝ አንድ ጠያቂ፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በየግቢው እየተጠሩ ዛፍ እንደሚመለምሉና እንደሚቆርጡ ከገለጹ በኋላ ችግራቸውን እንዲህ አስረድተዋል። የሚወጡበት ገመድ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው የሰጣቸው፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአለት መውጫ ገመድ ነው፤ የሚታጠቁት ከግንባታ ሥራ የተረፈ ሴፍቲ ቤልት ነው፤ የመውጫውን ገመድ ነክሶ ሰውን ለሚይዘው ቋጠሮ የሚጠቀሙበትን 8 ሚሊ ሜትር ገመድ ደግሞ ከመርካቶ በሜትር ገዝተዋል። በቅርቡ ስድስት ኪሎ አካባቢ ከአንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ሲወርዱ ቋጠሮው መጀመሪያ አልላላ ብሎ አስቸገራቸው፤ ቀጥሎም በድንገት ለቅቆ ሁለት ሜትር ያህል ቁልቁል ካወረዳቸው በኋላ እንደገና ያዘ። ዘመዳቸው በሚቀጥለው ወር ሲመጡ አንድ ሙሉ ዕቃ ሊያመጡላቸው ተስማምተዋል። ገመዱ 11 ሚሊ ሜትር ይሁን ወይስ 13? በቪዲዮ እንደሚያዩት በነጠላ ገመድ መውጣት ይጀምሩ ወይስ በለመዱት በድርቡ፣ ገመዱ ከላይ ዞሮ በሁለት በሚወርድበት አሠራር፣ ይቀጥሉ? የጠየቁት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

ውድ ጠያቂዬ፣ ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አዲሱ ዕቃ እስኪደርስዎ ድረስ በዚያ የቋጠሮ ገመድ ዳግመኛ እንዳይወጡ። ያጋጠመዎት ነገር የእጅዎ ስሕተት ብቻ አይመስለኝም። ገመዱን ፈትተው በአውራ ጣትዎና በጠቋሚ ጣትዎ መካከል ቀስ አድርገው ያሳልፉት። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ላይ እንደ ጥፍር የጠነከረ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ክፍል ካገኙ ክሩ ቀልጦ ከረጋ በኋላ የቀረ ጠባሳ ነው። ቋጠሮ ሰውን የሚይዘው በፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም የሚያርፈው በሚሮጠው ረጅም ገመድ ላይ ተበትኖ ሳይሆን አንድ ቦታ በቆመው አጭር የቋጠሮ ገመድ ላይ ነው። የቀለጠው ክር መጀመሪያ ከገመዱ ጋር ይጣበቃል፤ አልላላ ያለዎት ያን ጊዜ ነው። እርስዎ በኃይል ሲጎትቱት ደግሞ የረጋው ገጽ እንደ ብርጭቆ ይለሰልስና መንከሱን ይተዋል፤ ያወረደዎትም ይኸው ነው።

ከመርካቶ በሜትር የሚገዛ ገመድ ከምን እንደተሠራ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ቤትዎ ሆነው ሊያጣሩት የሚችሉበት ቀላል መንገድ አለ። አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው ውኃ ውስጥ እየጨመቁ አየሩን ያስወጡለትና ይልቀቁት። ቢንሳፈፍ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤትሊን ነው፤ ቢሰምጥ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሊሆን ይችላል። ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ፖሊኤትሊን ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፤ ፖሊስተር ግን እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ለዛፍ ሥራ ተብለው የሚሠሩት የቋጠሮ ገመዶች አራሚድ የሚባለው ክር ይቀላቀልባቸዋል፤ እርሱ ከናካቴው አይቀልጥም፤ የሚበላሸው ከፖሊስተር እጅግ በራቀ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከዘመድዎ ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ይህ ርካሽና አጭር ገመድ ነው፤ ሁለቱም ጫፉ በፋብሪካ የተሰፋ ዓይን፣ ማለትም ቀለበት፣ ያለው፣ ከዓይን እስከ ዓይን ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፤ እርሱም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ፍለጋ ተመልሰው መርካቶ እንዳይሄዱ።

ስለ አለት መውጫው ገመድ የምነግርዎ ደግሞ ገመዱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። አለት የሚወጣ ሰው ከመስቀያው፣ ማለትም ገመዱ ከተያያዘበት ቦታ፣ በላይ እያለፈ ስለሚሄድ ሊወድቅ ይችላል፤ ገመዱም ውድቀቱን እየተለጠጠ እንዲያበርድለት ተደርጎ ይሠራል። በአውሮፓው ኢ.ኤን. 892 ደረጃ መሠረት እንዲህ ያለው ነጠላ ገመድ 80 ኪሎ ግራም ሲንጠለጠልበት ብቻ እስከ 10 በመቶ ሊለጠጥ ይፈቀድለታል። ሃያ ሜትር ገመድ ሁለት ሜትር ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። በድርብ ሲሠሩ እያንዳንዱ ዘርፍ፣ ማለትም ከመስቀያው የሚወርደው የገመዱ አንድ ጎን፣ የሚሸከመው የክብደትዎን ግማሽ ስለሆነ መለጠጡ ይቀንሳል፤ ቢሆንም የሞተር መጋዝ ይዞ ለሚሠራ ሰው እንደ ላስቲክ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በተጨማሪም ገመዱ ሲለጠጥ ይቀጥናል፤ ሲላላ ይወፍራል፤ ቋጠሮዎም በየጊዜው የሚነክሰው የተለያየ ውፍረት ስለሚሆንበት አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ያንን ገመድ ለአለት ያቆዩት።

ለዛፍ የሚያስፈልግዎ እምብዛም የማይለጠጥ፣ አስኳልና ሽፋን ያለው ገመድ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኢ.ኤን. 1891 ዓይነት ኤ ተብሎ የሚመደበው ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 2,200 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጭነት መቋቋም አለበት፤ በጫፉ ላይ ቋጠሮ ታስሮ ሲፈተን ደግሞ 15 ኪሎ ኒውተን እንዲይዝ ይጠበቃል። ቋጠሮ ከገመድ ጉልበት ምን ያህል እንደሚበላ ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይመለከታሉ። ቁጥሩ ትልቅ መስሎ ታይቶዎት ያረጀ ገመድ ላይ እንዳይታመኑ፤ ቁጥሩ ለአዲስ ገመድ ነው።

11 ወይስ 13 ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ 13፣ ወይም ወደ እርሱ የተጠጋ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው። ምክንያቱ ጥንካሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ 11 ሚሊ ሜትሩም ይበቃዎት ነበር። ወፍራሙ ገመድ እጅ ውስጥ ይሞላል፤ ሲጎትቱት መዳፍዎን አያደክምም፤ ቋጠሮው የሚይዝበት ሰፊ ገጽ ይሰጣል፤ ሽፋኑም በቅርፊት ላይ ሲፋተግ የበለጠ ይቆያል። ቋጠሮን በደንብ ያልተለማመደ ሰው በቀጭን ገመድ የሚሠራው ስሕተት በወፍራሙ ላይ ከሚሠራው ይልቅ ፈጥኖ ያስቀጣል። የቋጠሮው ገመድ ከመውጫው ገመድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢቀጥን ጥሩ ይይዛል፤ ስለዚህ ለ13 ሚሊ ሜትር ገመድ 10 ሚሊ ሜትር የቋጠሮ ገመድ ያዝዙ። ወደፊት በቋጠሮ ፈንታ እንደ ፔትዝል ዚግዛግ ያለ መሣሪያ ቢገዙ ደግሞ እርሱ የሚቀበለው ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዛሬ የሚገዙት ገመድ ያገለግልዎታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገዙ ግን የሚቀበለውን የገመድ ውፍረት ከራሱ ላይ ሳያነቡ ገመድ አያስገቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በድርብ የምንለው አሠራር ላይ ገመዱ ከላይ በመስቀያው ዞሮ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ አንዱ ጫፍ መታጠቂያዎ ላይ ይታሰራል፤ በሌላው ዘርፍ ላይ ቋጠሮው ይነክሳል፤ እርስዎ ሲንቀሳቀሱ ገመዱም በመስቀያው ላይ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሜትር ከፍ ለማለት ሁለት ሜትር ገመድ ይጎትታሉ፤ በምትኩ እጅዎ ላይ የሚያርፈው ክብደት ግማሽ ገደማ ነው፤ ቋጠሮውም የሚይዘው ግማሽዎን ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ይቀንሳል። መስቀያው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጭነት የራስዎ ክብደት ነው። በነጠላ ገመድ ሲወጡ ግን ገመዱ ቆሞ ይቀራል፤ እርስዎ በእርሱ ላይ ይራመዳሉ። በእግር ስለሚወጣ ለረጅም ዛፍ እጅግ ፈጣንና ጉልበት ቆጣቢ ነው። ነገር ግን በቪዲዮው ላይ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ገመዱ ከላይ በባላ ላይ አልፎ ጫፉ ከታች ግንዱ ሥር ሲታሰር፣ ያ ባላ የሚሸከመው የእርስዎን ክብደትና እርስዎን ሚዛን ጠብቆ የሚይዘውን የታችኛውን ዘርፍ ጭምር፣ ማለትም እጥፍ ገደማ ነው። ከነመሣሪያዎ 90 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ባላው 180 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል፤ በየእርምጃው ሲወዛወዙ ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

ሌላው ነገር ቋጠሮው ነው። በነጠላ ገመድ ላይ ሙሉ ክብደትዎ በአንድ ዘርፍ ላይ ስለሚወድቅ፣ በድርብ ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ቋጠሮ እዚያ ላይ ወይ አልፈታ ይላል ወይ ይቃጠላል። ባለሙያዎች ከቋጠሮው በላይ ተጨማሪ ፍትጊያ የሚሰጥ ብረት የሚያክሉት ለዚህ ነው፤ ዚግዛጉም ቢሆን በነጠላ ገመድ ላይ የሚፈቀደው ቺኬን ከሚባለው አጋዡ ጋር ነው። ከዘመድዎ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው አንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ ቋጠሮዎም አሁን ያስቸገረዎት ስለሆነ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በድርቡ እንዲቀጥሉና እርሱን አጣርተው እንዲያውቁ እመክርዎታለሁ። የነጠላው አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ግን አልክድም፤ ከታች ሲታሰር በማውረጃ መሣሪያ ካሰሩት፣ ላይ የተጎዳን ሰው ባልደረባው መሬት ላይ ቆሞ ሊያወርደው ይችላል። በድርቡ ይህ አይቻልም። ስለዚህ በድርብ የሚሠራ ቡድን ወደ ላይ ወጥቶ ሰው የሚያወርድ ሁለተኛ ሰው ከነትጥቁ ያስፈልገዋል።

ከቋጠሮዎች መካከል ዲስቴል የሚባለውን ይልመዱ። ከላይ አራት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ከታች አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖች አንድ ካራቢነር፣ ማለትም የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ፣ ውስጥ ይገባሉ። ካልያዘልዎት አንድ ዙር ከላይ ይጨምሩ። ብሌክ የተባለውንም በጎን ይወቁት፤ በመውጫው ገመድ ጫፍ ብቻ ስለሚታሰር የቋጠሮው ገመድ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ያወርድዎታል፤ ነገር ግን ረጅም መንገድ በፍጥነት ከወረዱበት ክሩን ፈጥኖ ያቀልጠዋል። በየትኛውም ቋጠሮ ቢሆን አወራረድዎ ሰው ደረጃ ሲወርድ ከሚሄደው ፍጥነት እንዳይበልጥ።

ይህ ሁሉ ግን መስቀያው ካልጸና ዋጋ የለውም፤ መስቀያ የሚመረጠውም በዛፉ ዓይነት ነው። በመካከለኛው አዲስ አበባ በየግቢው ያለው ባሕር ዛፍ፣ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ እየተቆረጠ ከጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ የኖረ ነው። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ግንድ ምንም ቢወፍር መሠረቱ ከጉቶው ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፤ ጉቶው በበሰበሰ ቁጥር ይላላል። ስለዚህ ወደ ላይ ከማየትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ሥሩን ይመርምሩ። ባሕር ዛፍ ነፋስ ሳይኖር እንኳ ትልቅ ቅርንጫፍ በድንገት ሊጥል የሚችል ዛፍ መሆኑንም አይርሱ። ጽድ ከውጭ ሲያዩት ብረት ይመስላል፤ ሆኖም ያረጀ ጽድ አስኳሉ በሻጋታ ተበልቶ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ እጀታ ከሥር ጀምሮ እየዞሩ ይምቱት፤ ድፍኑ እንጨት አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ቦርቧራው እንደ ከበሮ ይመልሳል። ጃካራንዳ ላይ ደግሞ ሁለት ግንዶች ጠብበው እንደ «ህ» ሳይሆን እንደ ተዘጋ መቀስ የሚገናኙበትን ባላ ይሸሹ፤ በመካከላቸው ቅርፊት ተጣጥፎ ስለሚገባ እንጨቱ አልተያያዘም።

ግራቪሊያን በሚመለከት የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከብዙ ዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከታች ሆኜ ጥሩ የመሰለኝን ባላ መስቀያ አድርጌ ወጣሁ። የባላው ቅርንጫፍ እንደ ክንዴ ነበር። መቁረጥ ከመጀመሬ በፊት ግንዱን የሚያቅፈውን አጭር ገመድ አስሬ ወደ ጎን ዘንበል ስል ከላይ እንደ ደረቅ ሸንበቆ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ባላው ተገንጥሎ ከነገመዱ በጎኔ አለፈ። አጭሩ ገመድ ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍልዎትም። ግራቪሊያ ሲያድግ ፈጣን ነው፤ እንጨቱም ተሰባሪ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መስቀያ የማደርገው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጤነኛ እንጨት፣ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ከዚያ የወፈረ፣ በተቻለ መጠን ከዋናው ግንድ ጋር የተያያዘ ነው። ሳልወጣ በፊትም ሁለት ሰው ሆነን ገመዱን ይዘን መሬት ላይ እያለን እንንጠለጠልበታለን። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ገመዱን እዚያ ባላ ላይ ለማድረስ ዛፉን በባዶ እጅ መውጣት አይገባም። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያለው ለስላሳ ሲባጎና ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝን ትንሽ የመወርወሪያ ከረጢት ይበቃል። የድርቡ ገመድ በቀጥታ በቅርፊት ላይ ሲመላለስ ዛፉንም ገመዱንም ይጎዳል፣ የባሕር ዛፍ ሙጫም ይይዘዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ ጫፍ የብረት ቀለበት ያለው የመስቀያ ጠፍር በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ሴፍቲ ቤልቱን በሚመለከት፣ እርሱ ከፎቅ የሚወድቅን ሰው በጀርባው በኩል ለመያዝ የተሠራ ነው። ተንጠልጥሎ መሥራት አያስችልም፤ ሳይንቀሳቀስ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደም እግሩ ላይ ስለሚጠራቀም በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የሚያስፈልግዎ ኢ.ኤን. 813 እና ኢ.ኤን. 358 የሚሉ ሁለቱም ደረጃዎች የተጻፉበት፣ ጭኑን በሰፊ ጠፍር የሚይዝ፣ ከፊት ለፊት ቀለበት የሚንሸራተትበት ድልድይ ገመድ ያለው፣ በግራና በቀኝ ዳሌ ላይም ቀለበት ያለው የዛፍ መታጠቂያ ነው። ገንዘብ ቢያጥር ከሌላው ላይ ይቀንሱ እንጂ ከዚህ አይቀንሱ፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ወንበርዎ ነው። በዳሌ ቀለበቶቹ ላይ የሚታሰረው ግንድ አቃፊ ገመድ በሞተር መጋዝ ለሚሠራ ሰው ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ መጋዝን ፈጽሞ ይከላከላል ማለት ግን አይደለም። መጋዝ በተነሣ ቁጥር በሁለት ነገር መታሰር፣ በመውጫው ገመድና በአቃፊው፣ የማይቀር ግዴታ ነው። ካራቢነሮቹ ራሳቸው የሚቆለፉና ለመክፈት ሦስት የተለያየ የእጅ እንቅስቃሴ የሚጠይቁ ይሁኑ፤ በጥምዝ ብቻ የሚዘጋው በገመድ መፋተግ ሊፈታ ይችላል። ለራስ መከላከያ ቆብ የአገጩ ማሰሪያ ጠንካራ የሆነውን፣ ኢ.ኤን. 12492 የሚለውን ይምረጡ፤ የግንባታው ዓይነት ማሰሪያ በትንሽ ጭነት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሲወዛወዙ ከራስዎ ሊወልቅ ይችላል። የእግር ሹል ብረት የሚገዙ ከሆነ ለሚገነደስ ዛፍ ብቻ ይሁን፤ በሚመለመል ዛፍ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ለመበስበስ በር የሚከፍት ቁስል ነው።

ቅርንጫፍ የሚያወርዱበት ገመድ ከሚወጡበት ገመድ ፈጽሞ ይለይ። ያ የአለት መውጫ ገመድዎም ለዚህ እንዳይውል። ቅርንጫፍ ግማሽ ሜትር እንኳ ወድቆ በገመድ ሲያዝ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይጎትታል፤ እንዲህ የተጎተተ ገመድ ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጭ አይታይም።

የከተማችን ነገር ሆኖ በብዙ ግቢ አጥር ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል፤ አንዳንዱ 15 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ነው። እርጥብ ገመድና እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ሰውነትዎም፣ መሣሪያዎም፣ የሚወድቀው ቅርንጫፍም ከመስመሩ ሦስት ሜትር የማይርቅ ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን እስኪያጠፋ ድረስ ሥራው ይቆይ፤ ባለቤቱ ቢቸኩልም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የረጠበ ገመድ ላይ ቋጠሮው ባሕርይው እንደሚለወጥም ይጠብቁ። የረጠበውን ገመድ በጥላ ያድርቁት፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ የበጋ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣን ገመድ ክር ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ በድርብ ለመሥራት ገመዱ ከመስቀያው ከፍታ እጥፍ መሆን እንዳለበት አይርሱ። መስቀያዎ 20 ሜትር ላይ ከሆነ 40 ሜትር ልክ ነው፤ ልክ ደግሞ አይበቃም። 60 ሜትር ያስመጡ። ጫፉ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ማቆሚያ ቋጠሮ አስረው ያቆዩ፤ ገመድ አልቆበት ከቋጠሮው ያመለጠ ሰው እንዳለ ያውቃሉ። ገንዘቡ ሁለት መታጠቂያና ሁለት ገመድ የማይገዛ ከሆነ ዚግዛጉንና ሌላውን ጌጥ ትተው ሁለተኛውን መታጠቂያና ገመድ ያስቀድሙ፤ ከሁለቱ ባልደረቦችዎ አንዱ ወደ እርስዎ መውጣት ካልቻለ ብቻዎን እንደሚሠሩ ይቆጠራል።

ዕቃው ሲደርስ መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ይመልከቱ። በጫፉ ላይ ባለው መጠቅለያ ዓይነቱና ውፍረቱ ተጽፎ ያገኛሉ፤ በአስኳሉ ውስጥ ደግሞ የአምራቹን ስም፣ የደረጃውን ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመትና ክሩ ምን እንደሆነ የሚናገር ቀጭን ጥብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ያ ጥብጣብ ከሌለ ገመዱ ምንም ቢያምር አይውጡበት። ካለ ደግሞ ዓመቱን በመዝገብ ይጻፉ፤ አምራቾች ለክር ዕቃ የሚሰጡት ዕድሜ፣ ሳይነካ ቢቀመጥም እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት አያልፍም። ከዚያም ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ቋጠሮውን አንድ ሳምንት ሙሉ ያስሩት፣ ይንጠልጠሉበት፣ ይውረዱበት፤ በየቀኑ መጨረሻም ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ እያጠፉ ይመርምሩት፤ ሲታጠፍ እንደ ቧንቧ ክብ ሆኖ መታጠፍ ሲገባው አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ እንደ ወረቀት የሚደርብ ከሆነ አስኳሉ እዚያ ቦታ ተጎድቷል።